የሞገዱ አናት እስከ የት ይወጣል? የባሕር ላይ ግንባታ የሚፈተንበት ስሌት

በሰሜን ባሕር መካከል በብረት እግሮቹ የቆመ የነዳጅ ማውጫ መድረክ ላይ ሰዎች እየተፈራረቁ ይኖራሉ። ወጥ ቤቱ፣ መኝታ ክፍሉ፣ የቁፋሮ ማማው፣ የሄሊኮፕተር ማረፊያው ሁሉ እዚያው ነው። ይህን የሚነድፍ መሐንዲስ ብረት ከማስቆረጡ በፊት አንድ ጥያቄ መመለስ አለበት፦ የመድረኩ ወለል ከውኃው ገጽ ስንት ሜትር ከፍ ይበል?

ዝቅ ካለ አደጋው ግልጽ ነው። እግሮቹ ከቱቦዎች የተያያዙ ስለሆኑ ሞገዱ በመካከላቸው ሾልኮ ያልፋል። ወለሉ ግን ሰፊ ግድግዳ ነው፤ የሞገዱ አናት ካገኘው መዋቅሩ የሚሸከመው ኃይል በቅጽበት ያሻቅባል። በ2005 ካትሪናና ሪታ የተባሉት ወጀቦች የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ ሲያቋርጡ ከ100 በላይ መድረኮች ወድመዋል (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ከወደሙት ብዙዎቹ ወለላቸው ዝቅ ተደርጎ የተሠራ አሮጌ መድረኮች ነበሩ። ከፍ ቢልስ? እያንዳንዱ ተጨማሪ ሜትር ብረት ነው፤ ብረቱም ገንዘብ ነው። ከተሠራ በኋላ ማስተካከል ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ኤኮፊስክ በተባለው የኖርዌይ የነዳጅ መስክ ነዳጁ ሲወጣ የባሕሩ ወለል ከሥር ሰመጠ፤ መድረኮቹም አብረው ዝቅ አሉ። በ1987 የብረት እግሮቹን ቆርጠው፣ መድረኮቹን በሃይድሮሊክ ጃክ አንሥተው፣ 6 ሜትር ማስረዘም ግድ ሆነባቸው።

በባሕር ዳር ከተማ የውኃ ምህንድስና ሳስተምር ይህን ርእስ በነካሁ ቁጥር አንድ ተማሪ እጁን ማንሣቱ አይቀርም፦ «መምህር፣ እኛ ባሕር የለን። ይህ ለጎጃም ሰው ምን ያደርጋል?» መልሱ የጨሞጋንና የተምጫን ድልድይ ስናሰላ የሚመጣው ሒሳብ የዚህ ወንድም መሆኑ ነው። የመራዊው ቆጋ ግድብም ከሐይቁ ከፍተኛ የውኃ መጠን በላይ የተተወለት ትርፍ ከፍታ አለው፤ ነፋስ የሚያነሣው ሞገድ በአፈር ግድብ ላይ ዘልሎ እንዳያልፍ ነው። ስለዚህ ባሕሩን ልተወውና በሒሳቡ ልግባ።

መጀመሪያ የምንለካውን ነገር እንለይ። የሞገድ ቁመት ሲባል ከሸለቆው ሥር እስከ አናቱ ጫፍ ያለው ርቀት ነው። ለመድረኩ ወለል ግን ሸለቆው ምኑም አይደለም። ወለሉን የሚመታው አናቱ ነው። አናቱ የሚለካውም ውኃው ፀጥ ቢል ከሚተኛበት ገጽ ወደ ላይ ነው። ብዙ ሰው «ቁመቱን ለሁለት ከከፈልኩት አናቱን አገኘሁ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው፤ ምን ያህል ስሕተት እንደሆነ የሚያሳየው ደግሞ የታወቀ ልኬት አለ። ጃንዋሪ 1 ቀን 1995፣ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1987፣ ድራውፕነር በተባለው የኖርዌይ መድረክ ላይ ወደ ታች የተደቀነ የሌዘር መለኪያ አንድ ሞገድ መዘገበ። ከሸለቆ እስከ አናት 25.6 ሜትር ነበር። ግማሹ 12.8 ይሆናል። አናቱ ግን 18.5 ሜትር ወጥቷል። ከግማሹ ወደ 6 ሜትር የሚጠጋ ልዩነት አለ። ወለሉን በግማሽ ሒሳብ የሠራ ሰው ቢኖር ኖሮ ያን ቀን ውኃ በሳሎኑ ያልፍ ነበር።

አሁን ወደ ጣና። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ሐይቁን ያየ ሰው የሚገባው ነገር አለ፦ እኩል የሆኑ ሁለት ሞገዶች ተከታትለው አይመጡም። ትንሽ፣ ትንሽ፣ ትልቅ፣ ከዚያ ጭራሽ የጠፋ የሚመስል፣ ከዚያ ሦስት ትልልቅ። ይህ የሚሆነው የውኃው ገጽ የአንድ ሞገድ ሥራ ስላልሆነ ነው። ፈጣኑም ዝግተኛውም፣ ረጅሙም አጭሩም፣ ከዚህም ከዚያም የመጣ በመቶ የሚቆጠር ሞገድ እዚያው ላይ ይደመራል። አናቶቻቸው አንድ ቦታ ሲገጣጠሙ ትልቅ ይወጣል። የአንዱ አናት ከሌላው ሸለቆ ጋር ሲገናኝ ይጣፋሉ። መቼ እንደሚገጣጠሙ ማንም አስቀድሞ አይነግርህም፤ ምን ያህል ጊዜ እንደሚገጣጠሙ ግን በስታቲስቲክስ ይነገራል። ነገሩ ሁሉ የሚያርፈው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ታዲያ እንዲህ የተዘበራረቀውን ባሕር በአንድ ቁጥር እንዴት እንጠራዋለን? ከዘጌ ስንመለስ አንድ ቀን የጀልባውን ነጂ «አያ፣ የዛሬው ማዕበል ምን ያህል ይሆናል?» አልኩት። «ኧረ ጉልበት ቢደርስ ነው» አለ፤ ጥቂት ቆይቶ «አንዷ ግን ልትደፋን ነበር» ብሎ ጨመረበት። ሁለቱም መልሶች ትክክል ናቸው። የለመደ ዓይን ትንንሾቹን ሞገዶች አይቆጥርም፤ «ጉልበት» ያለው ከትልልቆቹ ተነሥቶ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ሃራልድ ስቨርድሩፕና ዋልተር ሙንክ የተባሉት ሳይንቲስቶች ወታደር በጀልባ የሚወርድበትን የባሕር ዳርቻ ሞገድ ለመተንበይ ሲሠሩ ይህንኑ የዓይን ልማድ ወደ ቁጥር ለወጡት። ሞገዶቹን ሁሉ በቁመት አሰልፍ፣ ትልልቆቹን ሲሶ ውሰድ፣ የእነሱን አማካይ አውጣ። ይህ ጉልህ የሞገድ ከፍታ ይባላል። ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚሰላው በሌላ መንገድ ነው፤ የውኃው ገጽ ከአማካዩ የሚዋዥቅበት መደበኛ ልዩነት በ4 ይባዛል። ውጤቱ ተቀራራቢ ነው።

ስለዚህ «የባሕሩ ጉልህ ከፍታ 12 ሜትር ነበር» ሲባል ሁሉም ሞገድ 12 ሜትር ነበር ማለት አይደለም። የሁሉም ሞገዶች አማካይ ወደ 7 ሜትር ተኩል ነው፤ ከ12 የሚበልጡ ደግሞ ሞልተዋል። ያቺ «ልትደፋን የነበረችው» ስንት ትሆናለች?

ለዚህ የመጀመሪያውን ጥሩ መልስ የሰጠው ሎንግዌ-ሂጊንስ የተባለ እንግሊዛዊ ሲሆን ዓመቱ 1952 ነው። መሣሪያውን ያገኘው ከሌላ መስክ ነው፦ ሎርድ ሬይሊ በ1880 ብዙ ንዝረቶች በዘፈቀደ ሲደራረቡ ድምሩ ምን ያህል እንደሚሆን አስልቶ ነበር። ሬይሊ የጨነቀው ስለ ድምፅ ነው፤ ሒሳቡ ግን ድምፅ ይሁን ውኃ አይለይም። የዚህ ስርጭት፣ ማለትም ትንሹም ትልቁም ሞገድ ምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ የሚናገረው ቀመር፣ ጠባዩ በቁጥር ሲታይ ይገባል። ጉልህ ከፍታው 12 ሜትር በሆነ ባሕር ላይ፣ አናቱ ከ6 ሜትር የሚበልጥ ሞገድ ከ7ቱ አንዱ ነው። ከ9 ሜትር የሚበልጥ ከ90ው አንዱ። ከ12 ሜትር የሚበልጥ ከ3,000ው አንዱ። ከ15 ሜትር የሚበልጥ ከ268,000ው አንዱ። እኩል 3 ሜትር እየጨመርን ስንሄድ ዕድሉ መጀመሪያ በ12 ገደማ፣ ቀጥሎ በ33፣ ቀጥሎ በ90 ጊዜ ያንሳል። ከፍታው በራሱ ተባዝቶ ስለሚገባ የስርጭቱ ጅራት፣ ማለትም የትልልቆቹ ሞገዶች ዕድል፣ በፍጥነት ይሟሽሻል።

ኃይለኛ ወጀብ ጫፉ ላይ ሳይለዋወጥ የሚቆይበት ጊዜ በልማድ 3 ሰዓት ተደርጎ ይወሰዳል። በዚያ ጊዜ 1,000 ያህል ሞገድ ያልፋል። በዚህ ቀመር መሠረት ከ1,000ው ውስጥ ትልቁ አናት ሊሆን የሚቀርበው 11 ሜትር ከትንሽ ነው።

ይህ ቀመር ግን አንድ ነገር ይዘነጋል። ሞገዱን ከመስመሩ በላይም በታችም እኩል አድርጎ ይስለዋል። እውነተኛ ሞገድ እንዲህ አይደለም፤ ጆርጅ ስቶክስ በ1847 እንዳሳየው ሞገድ ሲያድግ አናቱ ይሾላል፣ ሸለቆው ይንጣለላል። ድራውፕነር ላይ ያየነው 18.5 ወደ ላይ፣ 7.1 ወደ ታች የመሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ሞገዱ ከርዝመቱ አንጻር ቁመቱ እየበዛ ሲሄድ መሾሉ ይብሳል፤ ውኃው ጥልቀት ሲያጣም እንዲሁ። ጆርጅ ፎሪስታል በ2000 ይህን ሁለተኛ ደረጃ የሚባለውን እርማት በኮምፒውተር ደጋግሞ አስልቶ ለመሐንዲስ የሚመች ቀመር አወጣ። ቀመሩ ዌይቡል በሚባለው ስርጭት ላይ የቆመ ነው፤ የሚጠይቀው ሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ባሕሩ ምን ያህል ቀጥ ያለ (ከርዝመቱ አንጻር ቁመቱ የበዛ) ሞገድ እንዳለውና ውኃው ለሞገዱ ምን ያህል ጥልቀት እንደሚያንሰው። ሁለቱን ዜሮ ብታደርጋቸው ተመልሶ የሬይሊ ቀመር ይሆናል፤ እኔ በግሌ የምወደው ይህን ንጽሕናውን ነው። ለምሳሌያችን ባሕር 70 ሜትር ጥልቀትና በአማካይ በየ12 ሰከንዱ የሚመጣ ሞገድ ብንሰጠው፣ 11 ሜትር ከትንሽ የነበረው ትልቁ አናት 12 ሜትር ተኩል ይሆናል። አንድ ሜትር ከምናምን በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። የአሜሪካው የነዳጅ ኢንስቲትዩት መመሪያ ለዘመናት ከሞገዱ አናት በላይ እንዲተው ያዘዘው የአየር ክፍተት 1.5 ሜትር መሆኑን ስታስብ ግን ቀመሩን መሳት መጠባበቂያውን ሙሉ በሙሉ ሊበላው እንደሚችል ይታይሃል።

ቀመር ብቻውን ግን አይታመንም፤ መዋቅሩ በገንዳ ይፈተናል። የኔዘርላንድሱ ማሪን፣ በኖርዌይ ትሮንድሃይም ያለው የውቅያኖስ ገንዳ፣ በኤዲንብራ ዩኒቨርሲቲ ያለው ክብ ገንዳ ፍሎዌቭ፣ እነዚህ ሁሉ ጠርዛቸው ላይ በኮምፒውተር የሚታዘዙ መቅዘፊያዎች አሏቸው። የመድረኩ ትንሽ ሞዴል መሀል ላይ ይተከልና ሞገድ ይላክበታል። መጠኑ የሚቀነስበት ሕግ የዊልያም ፍሩድ ነው፦ ርዝመት በ50 ቢቀነስ ጊዜ የሚቀነሰው በ50 ካሬ ሥር፣ ማለትም በ7 ገደማ ነው። የ12 ሜትር ሞገድ 24 ሴንቲሜትር ይሆናል፤ 3 ሰዓቱ ወጀብ በ25 ደቂቃ ተኩል ያልቃል፤ ሞዴሉ ላይ የተለካው ኃይል ደግሞ ወደ እውነተኛው ሲመለስ በ125,000 ይባዛል። በገንዳው ውስጥ 1 ሴንቲሜትር መሳሳት በባሕሩ ግማሽ ሜትር መሳሳት ነው። ስለዚህ ሞዴሉ ከመግባቱ በፊት ባዶው ገንዳ ይፈተሻል። መድረኩ በሚቆምበት ነጥብ ላይ መለኪያ ዘንግ ይተከላል፣ ሞገዱ ይላካል፣ የተገኘው ባሕር የታዘዘው ባሕር መሆኑ ይረጋገጣል፤ ከዚያ ዘንጉ ይወጣና ሞዴሉ ይገባል፣ ያው ትእዛዝ ለመቅዘፊያዎቹ እንደገና ይሰጣል።

እዚህ ላይ ነው ጠቡ የሚጀምረው። «የተገኘው ባሕር የታዘዘው ነው» ስንል ምን ማለታችን ነው?

ጉልህ ከፍታውን ማስተካከል ቀላል ነው። የሞገዶቹን ጉልበት በየድግግሞሻቸው ማከፋፈሉም ይቻላል፤ ለሰሜን ባሕር የሚያገለግለው የታወቀ አከፋፈል በ1968 እና 1969 ከተደረገው ጆንስዋፕ ከተባለ የልኬት ዘመቻ የመጣ ነው። አከፋፈሉ ግን እያንዳንዱ ሞገድ መቼ እንደሚነሣ አይናገርም። ያንን የሚወስነው ኮምፒውተሩ በዘፈቀደ የሚመርጠው መነሻ ቁጥር ነው። መነሻ ቁጥሩን ብትቀይረው ሌላ 3 ሰዓት ታገኛለህ፦ ያው ጉልህ ከፍታ፣ ያው ጉልበት፣ ያው ወጀብ፣ ትልቁ ሞገድ ግን ሌላ።

ምን ያህል ሌላ? ወደ ምሳሌያችን ተመለስ። በቀላሉ የሬይሊ ቀመር እንኳ ብናሰላው፣ ከ100 ሙከራዎች በ90ው የ3 ሰዓቱ ትልቁ አናት ከ10.2 እስከ 13.3 ሜትር ባለው ክልል ይወድቃል። 5ቱ ከዚያ ያነሱ፣ 5ቱ ከዚያ የበለጡ ይሆናሉ። ባሕሩ አንድ ነው፣ ገንዳው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ግን ከ3 ሜትር በላይ ነው። ከአንድ ጎተራ በቆሎ በቁና በቁና ብትሰፍር፣ የየቁናው አማካይ ፍሬ እኩል ይሆንልሃል፤ የየቁናው ትልቁ ፍሬ ግን በየጊዜው ይለያያል። ትልቁን ፍሬ አይቶ «ይህ ቁና ከሌላ ጎተራ ነው» ማለት አይቻልም።

ከዚህ ሁለት መዘዝ ይመጣል። አንደኛው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተፈትኖ «ሞገዱ ወለሉን አልነካም» የተባለ መድረክ ምንም አልተረጋገጠለትም፤ ዕጣው ቀንቶት 10 ሜትር ደርሶት ይሆናል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ መሐንዲሱ በአንዱ ሙከራ 13 ሜትር ሲያይ «ይህ ከቀመሩ ወጣ፣ ገንዳው ተሳስቷል» ብሎ ጥሎት የሚያምርለትን እስኪያገኝ መነሻ ቁጥር እየቀያየረ ሊሞክር ይችላል። ይህ ውጤቱን መምረጥ እንጂ መፈተን አይደለም። ቀመሩ የሚናገረው ስለ ብዙ ሙከራዎች ድምር ነው፤ አንድ ሙከራ ከድምሩ ጋር ቢለያይ ጥፋት አልሠራም።

ስለዚህ በዚህ ሙያ ያሉ ሰዎች ሁለት ስርጭቶችን ይለያሉ። አንዱ የአንድ ሙከራ ስርጭት ነው፦ አንድ ሺሕ አናቶች፣ ከትንሽ እስከ ትልቅ ተሰልፈው። ሌላው የብዙ ሙከራዎች አናቶች በአንድ ላይ ተቀላቅለው የሚሰጡት ነው፤ 10 ሙከራ ከሆነ 10,000 አናት። የተቀላቀለው ከቀመሩ ጋር በቅርብ መስማማት አለበት። ለአንዱ ሙከራ ግን ከቀመሩ ግራና ቀኝ የሚፈቀድለት መረብ ይሣልለታል። መረቡ የሚገኘው በኮምፒውተር እጅግ ብዙ የ3 ሰዓት ባሕሮችን አስነሥቶ እያንዳንዱ እስከ የት እንደሚያፈነግጥ በማየት ነው። ከ10 ሞገድ አንዱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መረቡ ጠባብ ነው፤ እዚያ መቶ ያህል ልኬት ስላለ ማፈንገጥ ሰበብ የለውም። ከ1,000ው አንዱ በሚደርስበት ከፍታ ላይ መረቡ ሰፊ ነው፤ እዚያ ያለው ልኬት አንድ ነውና። ይህን መረብ ሳይሥል ገንዳውን የሚፈርድ ሰው ጥሩውን ይጥላል፣ መጥፎውንም ያሳልፋል። ዛሬ በውኃ ፈንታ የፈሳሽን እንቅስቃሴ ቀመሮች በኮምፒውተር በሚፈቱ የቁጥር ገንዳዎች የሚሠሩትም በዚሁ መረብ ይመዘናሉ።

የንድፉ ቁጥርስ ከየት ይወሰዳል? ከየሙከራው ትልቁ አናት ብቻ ተለይቶ ይሰበሰባል። 10 ወይም 20 ትልልቆች ካሉህ ጉምቤል የሚባለውን የከፍተኛ እሴቶች ስርጭት ታለብሳቸዋለህ፤ ከዚያም 90 በመቶ የሚሆኑት የማይበልጡትን ከፍታ ትወስዳለህ። ጉምቤል ለኛ ሰው እንግዳ አይደለም፤ የግልገል አባይን የጎርፍ መዝገብ የያዘ ተማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያለብሰው እሱን ነው።

እስካሁን ያልነው ሁሉ ባሕሩ በሁለተኛው ደረጃ ቀመር የሚገዛ መስሎ ነው። አንዳንዴ አይገዛም። ቤንጃሚንና ፌር በ1967 እንዳሳዩት በጥልቅ ውኃ ላይ በአንድ አቅጣጫ የሚጓዙ ቀጥ ያሉ ሞገዶች ሰልፋቸውን ይዘው አይቆዩም፤ አንዱ የጎረቤቶቹን ጉልበት እየሳበ ያብጣል። ይህ በጠባብ ገንዳ ውስጥ በደንብ ይታያል፤ ከመቅዘፊያው በራቅህ ቁጥር አናቶቹ ከፎሪስታል ቀመር በላይ እየወጡ ይሄዳሉ። በእውነተኛው ባሕር ግን ሞገዶቹ ከብዙ አቅጣጫ ስለሚመጡ ይህ መሳሳብ ይዳከማል። በሌላ በኩል በጣም የቆመ ሞገድ ይሰበራል፤ መሰበሩ ደግሞ ጣሪያ ይሆንበታል። ስለዚህ ጅራቱ ላይ ሁለት ኃይሎች ይጓተታሉ፤ አንዱ ከቀመሩ በላይ ይገፋል፣ ሌላው ወደ ታች ይመልሳል። በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚጓዝ፣ ረጅም መስመር ባለው ሞገድ የተፈተነ መድረክ ከእውነተኛው የከፋ ባሕር ገጥሞት ሊሆን ይችላል። አንዳንድ ደንበኛ ይህን «እንዲያውም ለጥንቃቄ ይሻላል» ብሎ ይቀበለዋል። እኔ አልስማማም። ጥንቃቄ የት እንደገባና ምን ያህል እንደሆነ ካልታወቀ ቁጥሩን ማንም ሊያርመው አይችልም።

የድራውፕነሩ ሞገድ የሚያስደንቀው እዚህ ላይ ነው። የዚያን ሰዓት ጉልህ ከፍታ 12 ሜትር ያህል ነበር። የሬይሊ ቀመር እንዲህ ያለ አናት ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሞገዶች መካከል አንድ ጊዜ ይመጣል ይላል። የሁለተኛው ደረጃ እርማት ይህን ወደ ጥቂት ሚሊዮን ያወርደዋል። አሁንም ብርቅ ነው፤ ነገር ግን በብዙ መድረኮች ላይ ለዓመታት በሚደረግ ልኬት ብርቅ ነገር መገኘቱ አይቀርም። በ2019 የታተመ ሥራ ይህንን ሞገድ በፍሎዌቭ ገንዳ ውስጥ በ35 ጊዜ አሳንሶ እንደገና አስነሣው። የተሳካው ሁለት የሞገድ ጭፍሮች በ120 ዲግሪ ገደማ ተሻግረው ሲገናኙ ነበር። በዚያ አኳኋን ሞገዱ ወደ ፊት ተጠቅልሎ ከመውደቅ ይልቅ ውኃውን ቀጥ አድርጎ ወደ ላይ ይተኩሳል፤ ያ ጣሪያ ያልነው መሰበር አናቱን እንደ ወትሮው አይገታውም።

ሌላ በቀላሉ የሚዘነጋ ነገር አለ። ሌዘሩ የለካው አንድ ነጥብ ላይ ነው፤ የመድረኩ ወለል ግን በየአቅጣጫው በአሥር ሜትሮች የሚሰፋ ነው። ሞገዱ መለኪያው ባለበት 12 ሜትር ቢሆን፣ ከዚያ ጥቂት ራቅ ብሎ በወለሉ ሌላ ጥግ ሥር 13 ሆኖ ሊያልፍ ይችላል። በስፋት ላይ የሚገኘው ትልቁ አናት በነጥብ ላይ ከሚገኘው ሁልጊዜ ይበልጣል፤ ፎሪስታል በ2006 ወደዚሁ ጉዳይ ተመልሶበታል። በአንድ ነጥብ ስሌት ተነድፈው የቆሙ መድረኮች ብዙ ናቸው።

ከአናቱ ማግስት ደግሞ ወጀቡ ራሱ አለ። የ12 ሜትሩን ባሕር «ይኑር» ብለን ነው የተነሣነው፤ ስንት ዓመት አንዴ ይመጣል? ኖርዌይ መድረኮችዋ የ100 ዓመቱን ሞገድ ያለ ጉዳት እንዲሸከሙ፣ የ10,000 ዓመቱንም ሳይወድቁ እንዲያልፉ ትጠይቃለች። የ100 ዓመት ማለት በየ100 ዓመቱ ቀጠሮ ይዞ የሚመጣ ማለት አይደለም፤ በማንኛውም ዓመት 1 በመቶ ዕድል ያለው ማለት ነው። 30 ዓመት የሚያገለግል መድረክ በዕድሜው ውስጥ ይህን የማግኘቱ ዕድል 26 በመቶ ነው። «የ100 ዓመቱ ጎርፍ አምና መጥቷል፣ እንግዲህ እፎይ» የሚል የወረዳ ባለሙያ ገጥሞኛል። ዘንድሮም ዕድሉ ያው 1 በመቶ ነው።

አናቱ ሁሉ ወለል ብቻ እንደማይፈልግ ደግሞ ዲሴምበር 30 ቀን 2015 ታየ። ኮስል ኢኖቬተር የተባለው ተንሳፋፊ መድረክ በሰሜን ባሕር ላይ ሳለ ሞገድ የሠራተኞች መኖሪያውን ከጎን መታው፤ መስኮቶች ተሰብረው ውኃው ገባ፣ አንድ ሰው ሞተ። ተንሳፋፊ ነገር ከሞገዱ ጋር ይወጣል ይወርዳል፤ ስለዚህ ጥያቄው አናቱ ምን ያህል ወጣ የሚለው ብቻ መሆኑ ቀርቶ መድረኩ በዚያ ቅጽበት የት ነበር የሚለውም ሆነ። ከዚያ በኋላ የኖርዌይ ደንቦች ከጎን ስለሚመታ ሞገድ ጠበቅ አሉ፤ በገንዳ ሙከራም የመስኮቶቹ ግድግዳ ላይ የግፊት መለኪያ መደርደር የተለመደ ሆነ።

አሁን ያ ተማሪ ወዳነሣው ልመለስ። የሞገድ መሐንዲሱ በአንድ ነገር ከእኛ ይሻላል፤ ዕጣውን ደጋግሞ ማውጣት ይችላል። 20 መነሻ ቁጥር፣ 20 ወጀብ፣ አንድ ሳምንት የገንዳ ኪራይ። የአባይ ገባሮችን የሚያሰላው የጎጃም መሐንዲስ ግን በዓመት የሚያገኘው አንድ ክረምት፣ አንድ ትልቁ ጎርፍ ነው። 40 ዓመት የተለካ ወንዝ 40 ቁጥር ብቻ ይሰጠዋል፤ ከእነሱ ላይ የ100 ዓመቱን ሲያሰላ ደግሞ የመረቡ ጅራት ከገንዳው በብዙ ይሰፋል። ስለዚህ የድልድይ ሪፖርት ላይ «የ100 ዓመት ጎርፍ፦ ይህን ያህል ሜትር ኩብ በሰከንድ» ተብሎ አንድ ቁጥር ብቻ ሲቀርብልኝ መልሼ እሰጣለሁ፤ ከሥሩ የታችኛውና የላይኛው ወሰን ተጽፎ ሲመጣ እፈርማለሁ።